እልል የተባለለት ሽንት

ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን ሳይነግሩት በሚያውቅ፣ በማኅፀን ያለውን ሳይወለድ በሚያይ በአንድ አምላክ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እጀምራለሁ። ስሙን ካስቀደምሁ ዘንድ ምክንያቱን ልናገር፤ በስተርጅና ብዕር ያስጨበጠኝ የአንዲት ጨቅላ ሕፃን ሽንት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ገና ከደጃፉ አፍንጫዎን አይያዙ። እስከ ፍጻሜው ቢታገሡኝ፣ እኔ እንዳመሰገንሁ እርስዎም ያመሰግናሉ ብዬ አምናለሁ።

"ኩላሊት ያጤሰውን" የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በጸሎት ስለው ኖሬአለሁ። በእኔ ዘንድ ኩላሊት የሐሳብ ጓዳ፣ የምሥጢር ማደሪያ ነበረ። በሰው ጀርባ ውስጥ ተሰውሮ ሌሊትና ቀን ውሃ የሚያጣራ ሠራተኛ መሆኑን ብሰማም ልብ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ያሳሰበችኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ያን ጊዜ ከመዳፌ እምብዛም አትበልጥም ነበር።

ታናሺቱ ልጄ በስማዳ፣ በወገዳ ከተማ መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለች፣ በጥቅምት፣ ስንዴው ገና እሸት ሳለ፣ ምጥ ያለ ጊዜው መጣባት። የወገዳ አዋላጆች ነገሩ ከእነርሱ በላይ መሆኑን አይተው በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳት። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያላረገዘውንም ያስምጠዋል። አብሯት የሄደው ባሏ ኋላ ሲያወጋን "ግማሹን ያዋለዳት መንገዱ ነው" አለ። ከሆስፒታሉ በር ከደረሱ ብዙም ሳይቆዩ ተገላገለች፤ ሴት ልጅ።

እኔ በላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብላ ባለች ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ስልኩ ሲደወል ደቀ መዛሙርቱን አሰናብቼ፣ ታላቅ እኅቴን እማሆይን ይዤ ተነሣሁ። እማሆይ ከመነኮሱ ወዲህ ሥራቸው የመገበሪያውን ስንዴ ማሰናዳት ነው። ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ ይፈጫሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን ገብስን ከስንዴ ሳያይ ይለያል። ወደ ታመመ ሰው ባዶ እጃቸውን ሄደው አያውቁምና ያን ዕለትም በትንሽ ጀሪካን ጠበል ሞልተው መጡ። የሚኒባሱ ረዳት ጀሪካኑን ዐይቶ፣

"እናቴ፣ ይችን ከላይ ልጫናት" አላቸው።

"ራስህን ከላይ ጫን! ጠበል ነው" አሉና ታቅፈውት ሄዱ። ሾፌሩም ለጠበሉ ክብር ሲል ይመስለኛል፣ በየጉድጓዱ ዘንድ ቀስ ይል ነበር።

ስንደርስ በሆስፒታሉ ያገኘን ዝምታ ነው። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጎረቤት እልልታውን ቆጥሮ የተወለደው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሰው ልኮ መጠየቅ አያስፈልገውም። ለዚህች ልጅ ግን አንድም እልል ያለ አልነበረም። የመጡት ዘመዶች ልጄን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ያሏት በሹክሹክታ ነው፤ ደስታው እንዳይሰማና እንዳይሸሽ የፈሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያም ወደ ግቢው ወጥተው በወሩ ተከራከሩ። አንዷ "ሰባት ወር ከሆነ ያድጋል፤ ስምንት ከሆነ ነው የሚያሰጋ" ስትል፣ ሌላዋ "ኸረ ተይ፣ ጣቷን ቁጠሪው፣ ሰባት ነው!" ትላታለች። እንደ እነርሱ አቆጣጠር ሕፃኗ ትንሽ ባነሰች ቁጥር ተስፋዋ ይጨምር ነበርና፣ አነሰች ብለው ሲጽናኑ ሰምቼ በልቤ ሳቅሁ።

የጨቅሎቹ ክፍል ወንድ አያስገባም። ስለዚህ እማሆይ አስታማሚ ሆነው ገቡ፤ እኔም መቋሚያዬን ይዤ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ተቀመጥሁ። በሩ ገርበብ ስለሚል የውስጡ ወሬ ሁሉ ይደርሰኛል። ልጄ ሕፃኗን እርቃኗን ከደረቷ ላይ አጣብቃ በነጠላ ጠምጥማት ትውላለች፤ የእናት ገላ ከማሞቂያው ይበልጣል ብለው ሐኪሞቹ አዘዋታል። ከጎኗ ደግሞ በእስቴ የመካነ ኢየሱስ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ እስላም ናት፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ወንድ ልጇን እንዲሁ ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ሁለቱ እናቶች በአንድ ቀን ወዳጅ ሆኑ። እማሆይም ሁለቱንም ያዝዛሉ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እርሷም የእስቴ ልጅ። ስትሄድ ነጭ ልብሷ ከኋላዋ ይከተላታል እንጂ አይደርስባትም። በማግስቱ ጠዋት ከክፍሉ ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሐኪም ሲቀመጥ ነገር እንዳለ ገብቶኛል።

"የኔታ፣ የልጅቷ ትንፋሽ ደኅና ነው። የእናቷንም ወተት በቀጭን ቱቦ እየወሰደች ነው። ያሳሰበኝ ሽንቷ ነው፤ ቀንሷል።"

"ምን ጠጥታ ትሸናለች ልጄ? የምትጠጣው እኮ የወፍ ጉርሻ ነው።"

"እሱም አለ። ግን ስትወለድ ለያዛት ኢንፌክሽን የምንሰጣት መርፌ ኩላሊት ላይ ይከብዳል። የሷ ኩላሊት ደግሞ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ነው የመጣችው። መርፌውን ብንተወው ኢንፌክሽኑ ይበረታል፤ ብንቀጥል ኩላሊቷ መቻሉን ማወቅ አለብን።"

"ደሟ አይነግራችሁም?"

ፈገግ አለች። "የአራስ ልጅ ደም በዚህ ሰሞን የሚያወራው የእናቱን ወሬ ነው፣ የኔታ። ስለ ልጅቷ ኩላሊት ብንጠይቀው ስለ እናቷ ኩላሊት ይመልስልናል። በዚያ ላይ ደም ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ኩላሊት ሲጎዳ ግን ደም ሳያውቅ ወደ ሽንት የሚወርዱ ምልክቶች አሉ። እነሱን የሚያይ መሣሪያ እዚህ የለንም፤ ሽንቱን በበረዶ ሣጥን አድርጌ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ እልከዋለሁ።"

"እንግዲያ እንደ ወንፊት ነዋ" አልኋት። "ወንፊት መሳሳቱን ቀድሞ የሚናገረው ወንፊቱ አይደለም፤ ከሥር የወረደው ዱቄት ነው።"

"እንደሱ ነው። እኛም ዱቄቱን ልናይ ነው" ብላ ተነሣች።

አወጣሁ አወረድሁና በዕድሜዬ ሙሉ ስለ ሽንት ያሰብሁት ያን ያህል እንዳልነበረ ተረዳሁ። የልጅ ልጄ ነገር ሁሉ፣ መርፌው መቀጠሉም መቆሙም፣ እልልታውም፣ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከጨቅላ ሽንት መቀበል ደግሞ እንደ አዋቂው ብልቃጥ አስይዞ የሚሰዱት ጉዳይ አይደለም። ንጹሕ ጥጥ ከጭኖቿ መካከል ይደረጋል። ጥጡ ሲርስ ነርሷ በስሪንጅ ትጨምቀውና ወደ ብልቃጥ ታስገባዋለች። ነርሷ ጥጡን አድርጋ፣ "እማሆይ፣ ሲርስ ጥሩኝ" ብላ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ እማሆይ ጠሯት። ጥጡ ርሶ ነበር፤ በደንብ ርሶ። በክፍሉ ደስታ ሆነ። "ይኸው፣ አላልኋችሁም!" የሚለው የእማሆይ ድምፅ እስከ አግዳሚው ድረስ መጣልኝ፤ እኔም በበረከታቸው ሆነ ብዬ አማተብሁ።

ሽንቱ ከመላኩ በፊት በዚያው በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በሚነከር ወረቀት ይፈተናል። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሟ ብልቃጡን ይዛ ተመለሰች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

"የጨቅላ ሽንት ቀጭን ነው፤ እንዲህ ግን አላየሁም። ምንም የለበትም፤ ጨውም፣ ምንም። ይህ እውነት ከሆነ ኩላሊቷ የገባውን ውሃ ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፈው፤ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው።"

ያን ጊዜ አግዳሚው ከሥሬ የሸሸኝ መሰለኝ። እርሷ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔም ሥርዓቱን ረስቼ እስከ በሩ መድረክ ተከተልኋት። ልጄ ፊቷን አየችና ምንም ሳይነገራት ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ሐኪሟ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

"እማሆይ፣ ጥጡን የነካው ነገር ነበር?"

"ምን ይነካዋል! እኔ እያለሁ?" አሉ እማሆይ፤ ቆባቸውን እያስተካከሉ። "ከጠበሉ በቀር ምንም አልነካውም።"

ሐኪሟ ወደ እማሆይ ዞረች።

"የቱ ጠበል?"

"ከጋይንት ያመጣሁት ነዋ! ደረቅ ጥጥ ለሕፃን ገላ ምን ይሆናል ብዬ አራስሁት። ሽንቷ ደግሞ ተባርኮ እንዲወጣ ነው። መጥፎ አደረግሁ?"

ሐኪሟ ብልቃጡን አየች፤ እማሆይን አየች። ከዚያም ከንፈሯን ነክሳ ለመቻል ሞከረች፤ አልቻለችም። ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

"እማሆይ፣ እስካሁን የመረመርነው የጠበሉን ኩላሊት ነዋ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍጹም ጤነኛ ነው!"

የነጋዴው ሚስት በሳቅ ልጇ ከደረቷ እንዳይወርድ በሁለት እጇ ይዛ፣ "እኔስ ዘምዘም አምጡልኝ ብዬ እምቢ ብለውኝ ነው! ይኸው የእኔም ልጅ በዘምዘም ሸንቶ ይገላገል ነበር" አለች። ልጄም ከመውለዷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ እንባ ተመለሰ። ምክንያቱም የልጇ እውነተኛ ሽንት ገና አልታየም።

እማሆይ ግን አልሳቁም፤ ተቆጡ። "ጠበል ያድናል እንጂ ምን ያበላሻል? ስንቱን ያነሣ ጠበል ነው! እናንተ ልጆች በብልቃጥ ታምናላችሁ!"

ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለከተች። እንደ ካህናት ወግ ጥቅስ ልጠቅስ አሰብሁና ተውሁት። እኅቴ ከእኔ ይልቅ ብዙ ይጾማሉ፤ በጥቅስ አይረቱም። ከመድረኩ ላይ ሆኜ፣

"እማሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አልሁ።

"ምን ልትለኝ ነው፣ ወንድም ዓለም?"

"ለመገበሪያው ስንዴ ሲለቅሙ አንዲት የገብስ ፍሬ ቢያገኙ ምን ያደርጓታል?"

"አወጣታለኋ!"

"ገብሱ ርኩስ ነው?"

"ምን ማለትህ ነው! ገብስ የጌታ ፍጥረት ነው። ግን ለመገበሪያ ሌላ አይቀላቀልም።"

"ማርስ ቢፈስበት? ማር ጣፋጭ ነው፤ መድኃኒትም ነው።"

"ማርም ቢሆን! ስንዴ ብቻ ነው፣ ስንዴና ውሃ…" አሉና ንግግራቸው በመካከል ቆመ። ጥጡን አዩ፤ ጀሪካኑን አዩ። ኋላም፣ "ታዲያ ምንም አይቀላቀልበትም ብላችሁ ከመጀመሪያው አትነግሩኝም ነበር?" አሉ።

"እውነትዎን ነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው" አለች ሐኪሟ፤ ጠጋ ብላም እጃቸውን ሳመች። "ጠበሉን እናቲቱ ትጠጣ፣ ግንባሯንም ይቀቧት። የልጅቷን ጥጥ ግን ከራሷ በቀር ምንም አይንካው።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሆስፒታሉ ሠራተኞች መከራ አዩ። እማሆይ ጥጡ ከጥቅሉ ሲወጣ በጣታቸው ጫፍ ሳይነኩ ጎንበስ ብለው እንደ መገበሪያ ስንዴ ይመረምሩታል። አንዲት ክር ብትታያቸው "ሌላ አምጪ!" ይላሉ። ነርሷን እጇን ሁለት ጊዜ አሳጠቧት። የላቦራቶሪው ሰውዬ ንጹሕ ብልቃጥ ይዞ ቢመጣ፣

"እጅህን ታጥበሃል?" አሉት።

"ጓንት አድርጌአለሁ እኮ፣ እማሆይ።"

"ጓንቱንስ አጥበኸዋል?"

ሰውዬው ወደ እኔ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና፣ "የኔታ፣ እኅትዎን ለኛ ቢተዉልን የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ እናደርጋቸው ነበር" አለኝ።

ነገር ግን ጥጡ ደረቅ ነው። ረፋዱ አለፈ፤ ፀሐይ ከአግዳሚው ላይ ዞራ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ጥጡ ደረቅ ነው። ባልየው ከመድኃኒት ቤት ተመልሶ ከጎኔ ቆመ። በውስጥ ልጄ ለሕፃኗ በለሆሳስ ታንጎራጉራለች፤ "ሽኚ እናቴ፣ ሽኚ ዓለሜ፣ ማንም አይቆጣሽ" ትላለች። እኔም በልቤ የለመድሁትን ጸሎት ጀመርሁ፤ "ኩላሊት ያጤሰውን" ከሚለው ደረስሁ። ከብዙ ዘመን በኋላ ትርጓሜ ሳልፈልግለት፣ እንዳለ፣ ስለዚያች ትንሽ ኩላሊት ብቻ ብዬ ደገምሁት።

ቀትር ሲሆን ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ነርሷ ሮጠች። ጥጡ ርሷል፤ ጥቂት ነው፣ ነገር ግን ቢጫ ነው፣ ሽንት ሽንት ይሸታል። ከዚያ በፊት ስለ መጥፎ ሽታ "እሰይ!" ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እማሆይ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጄ እጃቸውን ያዘቻቸው።

"ገና ነው፣ እማሆይ። ምላሹ ይምጣ።"

አፋቸውን ዘጉ። ብልቃጡ በበረዶ ሣጥን ተደርጎ በዚያው ቀን መኪና ሄደ። የዚያን ቀን የቀረውን እንዴት እንዳሳለፍነው አላስታውስም፤ ባልየው አምስት እንጀራ ገዝቶ አምስቱም ሳይበሉ እንዳደሩ ብቻ አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ሐኪሟ ስልኳን በእጇ ይዛ ከኮሪደሩ ጫፍ ስትመጣ አየሁ። እንደ ልማዷ ትፈጥናለች፤ ከፊቷ ግን ምንም ለማንበብ አልቻልሁም። በአጠገቤ ስታልፍ እጄን ያዘችና ሥርዓቱን ራሷ አፍርሳ ወደ ውስጥ ይዛኝ ገባች። ከልጄ አልጋ አጠገብ ቆመችና፣

"ኩላሊቷ ችሎታል" አለች። "የመጎዳት ምልክቱ የለም። መርፌውን እስክትጨርስ እንቀጥላለን፤ የምትጠጣውን ትንሽ እንጨምርላታለን። ሽንቷን እየለካን ደግሞ እንከታተላለን።"

ልጄ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ደጅ ቆሞ "ምን አለች? ምን አለች?" ይላል። እማሆይ በእልልታ መለሱለት። ከዚያች ደካማ አሮጊት ደረት እንዲያ ያለ እልልታ ይወጣል ብዬ አልገመትሁም። የነጋዴው ሚስት ተቀበለቻቸው፤ ነርሷም ተከተለች፤ ከወዲያኛው ክፍል ማን እንደ ሆኑ የማናውቃቸው ሴቶች ምክንያቱን ሳይጠይቁ መለሱላቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፤ አራተኛውም መጣ። ከዘመዶቹ አንዷ በመስኮት አንገቷን አስገብታ፣

"እማሆይ! ለሴት እኮ ሦስት ነው!" ብላ ጮኸች።

"ሦስቱ ለመወለዷ ነው፤ ይህ ለሽንቷ ነው!" አሉና ቀጠሉ።

ግቢው ውስጥ ያሉት ቆጥረው ሰባት ሲሞላ "ወንድ ተወለደ" ብለው እኔን እንኳን ደስ ያለዎ ሊሉኝ መጡ። ስለ ሽንት መሆኑን ስነግራቸው መጀመሪያ ፊቴን ተመለከቱ፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን እነርሱም ደገሙት። ሐኪሟ "ሕፃናቱን ታስደነግጧቸዋላችሁ፣ ዝም በሉ" እያለች ትቆጣለች፤ ራሷ ግን ዓይኗን በነጩ ልብሷ እጅጌ ትጠርጋለች። የነጋዴው ሚስትም ለሐኪሟ፣ "ለእኔስ ልጅ ጥጥ መቼ ነው?" አለቻት። ለእርሱም ተደረገለት፤ የእርሱም ደኅና ሆነ፤ እማሆይም ስንዴና ገብስ ሳይለዩ ለእርሱም እልል አሉ።

ልጅቷ ክብደት እየያዘች ከሆስፒታሉ ወጣች። ሰማንያ ቀን ሲሆናት ወደ እኛ ደብር መጥታ ክርስትና ተነሣች። ከመካነ ኢየሱስ የተላከላትን ለስላሳ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ነበር። ካህኑ ልብሷን አስወልቀው በሁለት እጃቸው ከፍ ባደረጓት ጊዜ፣ ገና ወደ ጥምቀቱ ውሃ ሳትገባ፣ ረጅምና ብርቱ ሽንት ሸናች፤ ከካህኑ ክንድ ተርፎ የእኔ ጋቢ ላይ ደረሰ። ዲያቆኑ ደንግጦ መጥረጊያ ፍለጋ ዞረ። ከሴቶቹ መካከል ግን አንድ የታወቀ ድምፅ በሹክሹክታ፣

"ጥጥ! ጥጥ አቅርቡ እንጂ! ደረቁን!" አለ።

ጋቢዬን እስከ ማታ አላወለቅሁም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለታገሡኝ ትዕግሥት እግዚአብሔር ዋጋዎን ይክፈልልኝ። በቤትዎ ያረገዘች በጊዜዋ በሰላም ትገላገል፤ ያለ ጊዜው የመጣም ቢኖር ጊዜውን ይሙላለት። ማድጋዎ ውሃ፣ ጎታዎ ስንዴ፣ ደጃፍዎ ጎረቤት አይጣ። በጀርባዎ የተሰወሩት ሁለቱ ሠራተኞች ሳይታክቱ ይሥሩልዎ። እልልታም ከቤትዎ ዘግይቶ እንኳ ቢሆን ከነትርፉ ይድረስ። አሜን።